አንጓች ያላወረደችው ድንጋይ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሟም ገብታለች፣ እናንተም ግቡ፤ በሩን ግጠሙት። አንቺ ደግሞ እግርሽን ሰብስቢ። በዚህ ተረት ውስጥ የሚወድቅ ድንጋይ አለ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ የደብሩ መሪጌታ ነበሩና ፊደል አስቆጥረዋታል። በመንደሩ ከሴት ወገን ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ነበረች። ዓይነ አፋርነቷ ግን አይጣል ነው። ሰው ሰላም ሲላት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና ሰላምታውን የምትመልሰው ለመሬቱ ነው።

ጎረቤቷ ደግሞ ይታክቱ ትባላለች። ይታክቱ ጠላ ጠማቂ ናት። የእሷን ጠላ የቀመሰ ባል የሚስቱን ጠላ አይነካም ይባል ነበር፤ በዚህም ሚስቶቹ ያሟታል።

ሁለቱም የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ጠላው ቄስ ሳይባርከው ማንም አይቀምሰውም። ሕግ ነው።

አንድ ጊዜ ተራው የይታክቱ ሆነና በትልቁ ጋን ጠመቀች። በዋዜማውም ወደ ወንዝ ልትወርድ ስትል አንጓችን ጠራቻት፦

— አንጓችዬ፣ ቤቱን እይልኝ። ዶሮ እንዳይገባ።

አንጓች ተቀመጠች። ዶሮ አልገባም። ፀሐይ ግን ገባች፣ ጥማትም ገባ። የጠላው ሽታ ደግሞ ነይ ነይ ይላል። መጀመሪያ የጋኑን ክዳን ገለጥ አደረገች፤ ለማየት ብቻ ነው። ከዚያም ጣቷን ነከረች። ከዚያም ሸምበቆ ፈለገች።

ልጆቼ፣ ሸምበቆ ክፉ ነው። ስንት እንደጠጣችሁ አይነግራችሁም። አንጓች ቀና ስትል ጋኑ ጎድሏል። ደነገጠችና በእንስራ የነበረውን ውኃ ገለበጠችበት። በድንጋጤዋም ከጎደለው ይልቅ የጨመረችው በለጠ። ክዳኑን ገጠመች፣ አፏን ጠረገች፣ ዶሮ መጠበቋንም ቀጠለች።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። የደብሩ ቄስ አባ ስመኘው ጠላ ይወዳሉ፤ እኔ አላልኩም፣ መንደሩ ነው ያለው። ባረኩና ጽዋውን አነሡ። ጎንጨት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፦

— ይታክቱ፣ ጠበል ነው እንዴ የቀዳሽልን?

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የይታክቱ ስም «ጠበሏ» ሆነ። ልጆች እንኳ በመንገድ ሲያገኟት «ጠበሏ፣ እርጪን!» ይሏታል። ይታክቱ አፈረችና ጋኗን ደፍታ አስቀመጠች፣ ከማኅበሩም ቀረች።

አንጓችስ? ዝም። ክረምት መጣ፣ ዝም። ሌላ ክረምት መጣ፣ ዝም። ምስጢሩ እንደ ጥሬ ባቄላ ሆዷን ነፋው። በመጨረሻ ለነፍስ አባቷ ለአባ ስመኘው ተናዘዘች።

— እንግዲህ እኔ ቄሱ በሰው ፊት ያሾፍኩት በአንቺ ሥራ ነው? አሉ አባ።

— ይፍቱኝ አባቴ።

— እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ እንደ አገራችን ሥርዓት ድንጋይ ተሸከሚና ሄደሽ እግሯ ላይ ውደቂ። ስሟ በሰው ፊት ነው የጠፋው፤ በሰው ፊት ተናገሪ። እኔም የበኩሌን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

አንጓች የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ተሸክማ በይታክቱ ደጅ ወደቀች። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። እሷም ሁሉንም ለመሬቱ ነገረችው። ይታክቱ ጎንበስ ብላ አየቻት፦

— በሸምበቆ?

— በሸምበቆ።

— ጣፍጦሽ ነበር?

— በጣም።

— አየሽ! ያን ጠላ ውኃ ሳይነካው የቀመሰ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ! አለችና ይታክቱ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ከዚያም፦ ይቅር ለእግዚአብሔር። ድንጋዩን ጣይው።

ሥርዓቱ ይኸው ነበር። ይቅር ከተባለ ድንጋዩ ይወርዳል። አንጓች ግን በልቧ «እንዲህ በቀላሉ? የኔ ኃጢአት እንዲህ በቀላሉ?» አለችና ድንጋዩን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያም ወዲያ አላወረደችውም። ገበያ ከድንጋዩ ጋር፣ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋዩ ጋር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቅጥሩ ሥር ስትቆም ሰዎች መጥተው በድንጋይዋ ላይ ቢላ ይስላሉ። አባ ስመኘውን ባየች ቁጥር «ይፍቱኝ አባቴ» ትላለች፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። ነገም ያው ነው። አባ ታከታቸውና ድንጋዩን ከሩቅ ሲያዩ ድርቆሽ ክምር ውስጥ መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን አንጓች ተከትላ መጣችና በክምሩ ፊት ቆመች፦

— ይፍቱኝ አባቴ።

— እግዚአብሔር ይፍታሽ! አለ ድርቆሹ።

ይታክቱ ወደ ማኅበሩ ተመልሳ ነበርና ተራዋ ደረሰ። የተደፋውን ጋን አነሣች፣ ጠመቀችም። ያን ቀን ስሟ ይመለሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፤ ማኅበርተኛውም ይኸን ያውቃል። የቤቱ ወለል ጎርበጥ ያለ ነበርና ጋኑ ዘመም አለ፤ በጉልበቷ ደግፋ ቀዳች። አባ ባረኩ። ይታክቱም አንጓችን ልታከብራት ብላ ጽዋውን ለእሷ አስቀድማ ዘረጋችላት።

ጽዋ ደግሞ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት።

— አይገባኝም፣ ይለፈኝ፣ አለች አንጓች ድንጋዩን አቅፋ።

አያ ውበቱ የሚባል አፈኛ ሽማግሌ ከጥግ ሆኖ፦

— አንጓች ታውቃለች! ጠበል ቢሆን ነው እንጂ እሷ ጠላ ይለፈኝ ትላለች?

እዚህም እዚያም ሳቅ አመለጠ። ይታክቱ ጽዋውን እንደዘረጋች ተናገረች፦

— አንጓች፣ መጀመሪያ ጠላዬን አቀጠንሽብኝ። አሁን ደግሞ ይቅርታዬን ልታቀጥኚብኝ ነው?

አባ ስመኘውም ተነሥተው አጠገቧ መጡ፦

— የእሷስ ይቅር። የእግዚአብሔርን ምሕረት ውኃ በዝቶበታል ማለትሽ ነው? እኔ የፈታሁሽ በእሱ ስም ነው እንጂ በድርቆሹ ስም አይደለም!

አንጓች እጆቿን አየች። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ለካ ማረኝ ማረኝ ስትል የኖረችው መቀበያ ሳይኖራት ነው። ቀና አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን እያየች ተናገረች፦

— የት ላውርደው?

መልሱ ሳይመጣ እጆቿ ቀደሙ። ድንጋዩም ወረደ፤ በአባ የእግር አውራ ጣት ላይ።

— ወይኔ ጣቴን!

— ይፍቱኝ አባቴ!

— እግዚአብሔር ይፍታሽ! ይኸን ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ!

አንጓች ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች። እያለቀሰች እስከ አተላው ጠጣችው። ከዚያም ከንፈሯን ጠረገች፦

— ይታክቱ፣ ያኔ በሸምበቆ ከጠጣሁት ይበልጣል።

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። አያ ውበቱም ዋንጫውን ዘረጋ።

— ላንተ አይሆንም፣ ጠበል ነው! አለችው ይታክቱ።

ሰው ሁሉ ሊቀዳለት ሲጋፋ ጋኑ ሊወድቅ ሆነ። ይታክቱ ድንጋዩን በእግሯ አንከባለለችና ከጋኑ ሥር ወተፈችው። ጋኑም ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አንጓች ያ የድሮው አመሏ ሲነሣባትና እጇ ወደ ድንጋዩ ሲሄድ ይታክቱ ትጮኻለች፦

— ተይው! ብታነሺው ጠላው ይደፋል!

አንጓችም ትተወዋለች፤ ጠላው ያሳሳታላ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦ ከሌለ ጠላም ይሆናል፤ ይኸው ሁለቱም እጆቼ ባዶ ናቸው።