የአስካለ ጽጌረዳ እና የሽብሩ ጦጣ

አንዲት አስካለ የምትባል ሻይ ሻጭ በአውራ ጎዳና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር። ደጇ ላይ በተሠራ የእንጨት ዳስ ላይ ጽጌረዳ ተጠምጥሞ ጥላ ሠርቶላት ነበር። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሥሩ አረፍ ብለው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ከጎኗ ሽብሩ የሚባል ሌላ ሻይ ሻጭ ነበረ። ሁለቱ በሰላም ይኖሩ ነበር። ማለዳ ቀድሞ እሳት ያቀጣጠለ ለሌላው ፍም ይሰጣል።

አንድ ቀን ሽብሩ አንዲት ትንሽ ጦጣ አምጥቶ በሩ ላይ አሰረ። ጦጣዋ የሾፌሮችን ባርኔጣ እየነጠቀች ራሷ ላይ ትደፋለች፤ ሙዝ ካልሰጧት አትመልስም። ሰው ሁሉ ወደ ሽብሩ ጎረፈ።

አስካለ ባዶ ወንበሮቿን እያየች ትቃጠል ጀመር። ሳቁን በሰማች ቁጥር አንገቷን አስግጋ ወደ ሽብሩ ደጅ ታያለች።

«የኔ አበባ ምን ይረባል? አይዘል፣ አይጫወት» አለች ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛዋ።

«ልጄ፣ አበባና ጦጣን ምን አገናኛቸው? እኔ እዚህ የምመጣው ለማረፍ እንጂ ለመሳቅ አይደለም» አሏት።

«እርስዎማ አንድ ነዎት፣ አባባ። እዚያ ጋ የተኮለኮሉትን አያዩም?» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ማለዳ ፍም ልትወስድ ሽብሩ ቤት ሄደች። እሱ ጓዳ ገብቶ ፍም ሲዝቅላት፣ እሷ የጦጣዋን ገመድ ፈታችው። ጫካ ትገባልኛለች ብላ ነበር።

ጦጣዋ ግን ዘላ ጽጌረዳው ላይ ወጣች። እምቡጡን እየቀጠፈች ትበላ ጀመር። አስካለ በዱላ ልታወርዳት ስትታገል ዳሱ ተናደ፤ የጽጌረዳውም ግንድ ከሥሩ ተሰበረ።

ሽብሩ እየሮጠ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ይቅር በይኝ! ገመዱን አላጠበቅሁትም መሰለኝ።» ቁጢጥ ብሎ የወደቀውን አበባ ይለቅም ጀመር። «እኔን ብሎ ጦጣ አሳዳሪ! ያመጣኋት እኮ በዚህ አበባ ቀንቼ ነው። ሰው ሁሉ አንቺ ጋ ሲቀመጥ ሆዴ እርር ይል ነበር።»

አስካለ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን «ግድ የለም» ብቻ አለች።

ሽብሩ በዚያው ቀን ጦጣዋን ጫካ ወስዶ ለቀቃት። ሾፌሮቹም ሳቅም ጥላም ሲያጡ ሳይቆሙ ያልፉ ጀመር። ሽብሩ እስከ ዛሬ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላል። አስካለም ዓይኑን ማየት ስለከበዳት ፍም መጠየቅ ተወች።

ወዳጆቼ፣ አበባና ጦጣ አይወዳደሩም። አንዱ ያሳርፋል፣ አንዷ ታስቃለች፤ ሁለቱም ባሉበት ደጅ እንግዳ ይበዛል። ቅናት ግን የጎረቤትን እንጂ የራስን አያሳይም። እናንተስ በጎረቤታችሁ ደጅ ምን አይታችሁ ትቃጠላላችሁ? እሱስ ከእናንተ ደጅ ዓይኑን የጣለው ምን ላይ ይሆን?