የማልጫወታቸው ጊታሮች

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወንድይፍራው ጊታሮቼን ሊነጥቁኝ ፈልገው በአባላት ስብሰባ መሀል አስነስተው አቆሙኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለወሬ መንገድ የሰጠሁት ራሴው ነኝ። ምናለሽ ተራ ገበያ ውስጥ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ባየሁ ቁጥር ሳልገዛ አልመለስም። አንዱ አንገቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ሌላው ክር የለውም። አልጋዬን ለእነሱ ለቅቄ እኔ መሬት ላይ ነው የምተኛው። መጫወቱንማ አያድርስ! ከመጽሐፍ ልማር ብዬ አንዴ ብሞክር ጎረቤቴ "ምን ወደቀ?" እያለች ሮጣ መጣች።

"እስቲ እሜቴ ባለጊታር፣" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "አንድ ዜማ አሁኑኑ ተጫወቺልን። ካልቻልሽ ግን የማይጠቀሙበትን ነገር ማከማቸት ነውር ነው፤ ለእድሩ ወጣቶች ታስረክቢያለሽ።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሐሳባቸውን ለመደገፍም እዚህም እዚያም እጅ መውጣት ጀመረ።

እኔም አብሬ ስቄ ስጨርስ እንዲህ አልኳቸው፦ "ጋሼ፣ መጫወቱንስ አልችልም። ግን እርስዎም ለቀብርዎ ብለው ይሄን ሁሉ ዘመን ለእድር ሲከፍሉ ኖረው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተጠቀሙበትም። 'ወይ አሁኑኑ ይሙቱልን፣ ወይ ድርሻዎን ያስረክቡ' ያለዎት ሰው አለ?"