ደሟ ሳይጨምር ከተራራ የወረደችው ዋናተኛ

አንድ የዋና አሰልጣኝ አራት ዋናተኞቹን ይዞ ከቆላ ከተማ ወደ ደጋ ሐይቅ ወጣ። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ ደም ያመርታል፤ ያን ደም ይዞ ቆላ የወረደ ዋናተኛ ቶሎ አይደክምም። አሰልጣኙ በዚህ ላይ የራሱን ሕግ ጨመረ። «ሥጋ አይነካም። እራት ሾርባ ብቻ ነው። ውሃ ከባድ ሰው አይወድም።»

ከአራት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ፈጠኑ። ትርንጎ የምትባለው ግን ከመጣችበት ቀን ይልቅ ዘገየች። አንድ ቀን ግማሽ ርቀት ላይ ውሃው ላይ የተዘረጋውን ገመድ ይዛ ስታለከልክ አሰልጣኙ በጓደኞቿ ፊት፣ «ተራራው ለሁላችሁም አንድ ነው። አንቺ ለሽርሽር ነው የመጣሽው?» አላት። ስሟንም ከውድድሩ ዝርዝር ሰረዘው። ትርንጎ ለዚያ ውድድር ስትል ሥራዋን ለቅቃ ነበር።

በማግስቱ የቡድኑ ሐኪም የአራቱን የደም ምርመራ ውጤት ይዛ ወደ አሰልጣኙ መጣች።

«የሦስቱ ደም ጨምሯል፣ የትርንጎ ቀንሷል። ደም የሚሠራበት፣ ከሥጋ የሚገኘው ብረት ሰውነቷ ውስጥ አልቋል። ምን ስትበላ ነበር?»

«ያዘዝኩትን ነዋ።»

«ሦስቱስ?»

«እነሱም ያዘዝኩትን።»

ሐኪሟ ሳቀች። «እነሱማ ከልምምድ በኋላ ከሥጋ ቤት አይጠፉም። ባለቤቱ ‹ዓሦቼ መጡ› እያለ ነው የሚቀበላቸው። አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

አሰልጣኙ ያን ጊዜ ገባው። ሦስቱ የፈጠኑት ሕጉን ስለጣሱ ነው፤ እሷ የደከመችው ስለታዘዘች ነው።

ሊነግራት ወደ ማደሪያዋ ሄደ። ትርንጎ እርጥብ የዋና ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። አፉን ሳይከፍት ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሳፈርኩዎት» አለችው።

የምርመራው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። የሚናገረውንም መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ነው የመጣው።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አላት።

አውቶቡሱ ወሰዳት። ሦስቱ ሜዳሊያ አመጡ፤ አሰልጣኙም ስለ ሥነ ሥርዓት ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ትርንጎ ዳግም አልዋኘችም። ሰነፍ መሆኗን አምና ኖረች።

አጥፍቶ ዝም ማለት ነውር ነው። የበደልነው ሰው ራሱ ይቅርታ ሲለን «ግድ የለም» ብለን መቀበላችን ግን ከዚያ ይብሳል፤ የእኛን ጥፋት አሸክመን ነው የምንሸኘው። እናንተ ልትጠይቁት ሲገባችሁ፣ ይቅርታ የጠየቃችሁ ሰው ማን ነበር? ዛሬስ የት ነው?