ቋጠሮውን ማን ይፍታው?

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ዛሬ ካለበት ይልቅ ወደ ሰፈሩ ጠጋ ብሎ በነበረበት ዘመን፣ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በሚኖሩ ሰዎች መንደር ውስጥ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ስመኘው ማዶ ተሻግሮ እንጨት ጭኖ ሲመለስ ድንገተኛ ነፋስ ታንኳውን ገለበጠበትና ሞተ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የምጠይቃችሁ ግን መጨረሻ ላይ ነውና ከወዲሁ አትጨቃጨቁ።

በዚያ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ከል ትለብሳለች። በከሉ ላይ የሚታጠቀው ጥቁር መቀነት ከኋላዋ፣ የገዛ እጇ በማይደርስበት ቦታ ይቋጠራል። የምትቋጥረው የባሏ እናት ናት። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሐዘንተኛዋ አንድ ሰው በስሙ ትጠራለች፤ ያ ሰው መጥቶ ቋጠሮውን ይፈታል። የፈታላት ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሷም ለልጇም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ልጇ ስትዳር መራቂው እሱ፣ እሷ ስትሞት ልጇን የሚረከበው እሱ። ሁለት ሰው ተጋርቶ ፈትቶ አያውቅም፤ ያልተጠራ ሰው የልጇ አያትም ብትሆን በሠርጉ ከእንግዶች ጋር ነው የምትቀመጠው።

ሌላም ደንብ ነበር። ከል የለበሰች ሴት ዓመቱ እስኪሞላ አትስቅም። ከሳቀች "ባሏን ድሮም አልወደደችውም" ይባልና የባሏ ዘመዶች ልጇን ይወስዱባታል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ያወጣው ሰው ግን ሚስቱን ክፉኛ የሚጠረጥር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ደንቡ ቀልድ አልነበረም። ላይ ሰፈር የምትኖር አንዲት ባልቴት፣ ዶሮ ድስት ውስጥ ገብታ ስትንፈራገጥ አይታ ፈገግ በማለቷ ልጇን ወስደውባታል። ልጁ አሁን ማዶ ሆኖ አክስቱን "እማዬ" ይላል።

ስመኘው ሲሞት አንጓች አላለቀሰችም፤ ሰዉን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች፣ እዚያው ቀረች። የሚያናግሯት ሰዎች ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ከሩቅ ይመጣባታል። ምግብ ሲያቀርቡላት ታየዋለች እንጂ አትነካውም። ልጇ ማንጠግቦሽ ገና ጡት የምትጠባ ናት። ስታለቅስ አንጓች ትሰማታለች፤ መነሳት እንዳለባትም ታውቃለች፤ እግሯ ግን የሌላ ሰው እግር ሆኖባታል። ወተቷ ቀነሰ፣ ቀጥሎም ደረቀ። ጠበል ወሰዷት፣ ሽማግሌ መከራት፣ ሴቶቹ "ለልጅሽ ስትይ ቅመሺ" እያሉ ለመኗት። እሷ ግን በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ እየከሳችብኝ ነው፣ እኔም ምንም አይሰማኝም። ከሐዘኑ ይልቅ ያስፈራት ይህ ምንም ያለመሰማቱ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው ጓንጉል ነው፤ የስመኘው የልብ ጓደኛ፣ በሠርጋቸውም አንደኛ ሚዜ የነበረ። ሚዜ ለሙሽራዪቱ ወንድም ነውና ቤቷ ገብቶ ቢቀልድ ማንም አይከለክለውም። ከሌላው ለቀስተኛ ጋር "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ አልሄደም። አመሻሽ ላይ መጣና የስመኘውን መቅዘፊያ ከጥግ አንስቶ መሬት ላይ ቆመ።

"የሠርግሽን ቀን ላሳይሽ" አላት።

በሠርጉ ቀን ስመኘው ሙሽራዪቱን በታንኳ ካላሻገርኩ ብሎ ነበር። አማቾቹ ወደቡ ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ ታንኳው ጫፍ ላይ ተነስቶ ቆመ። መፎከር ጀመረ። "እኔ የውሃው ጌታ" ብሎ ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ከነጃንጥላው ገባ። ብቅ ሲል ጃንጥላው እንደተዘረጋ ነበር። አማቾቹን አየና በእርጋታ "ውሃው ሞቅ ያለ ነው" አላቸው።

ጓንጉል ይህን ሁሉ በመቅዘፊያው እያሳየ ተጫወተው፤ ወደቀ፣ ዋኘ፣ ጃንጥላውን ዘረጋ። አንጓች ግድግዳውን እያየች ነበር። በማግስቱ ተመለሰና ያንኑ ደገመው። የሷ ፊት ግን ድንጋይ እንደሆነ ነበር። "ዛሬም አልሳቅሽም፤ ግድ የለም፣ ነገ የተሻለ እወድቃለሁ" እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ከሄደ በኋላ እጇ ሳታስበው አጠገቧ ወደተቀመጠው ቆሎ ሄደ። ጥቂት ፍሬ በላች። ከዚያ አልጨመረችም።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት፤ ጎረቤቷ። ትርንጎ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሌሎች ስቀው ሲጨርሱ "ምን ተባለ?" የምትል ሴት ናት። የራሷን ልጅ በአንድ ጡቷ፣ ማንጠግቦሽን በሌላው እያጠባች አንጓች አጠገብ ትቀመጣለች። አትመክራትም፣ "በርቺ" አትላትም። ሲመሽ "ነገ እመጣለሁ" ብላ ትሄዳለች፤ በማግስቱም ትመጣለች።

አርባው ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ ካህናቱ ተቀመጡ፣ ሕዝቡ ሞላ። አንጓችን ደግፈው አምጥተው በትርንጎና በአማቷ በወይዘሮ ላቀች መካከል አስቀመጧት። የስመኘው አጎት አያ መንበሩ ስለ ሟች ሊናገሩ ተነሱ። አያ መንበሩ ደንብ አስከባሪ ናቸው፤ የላይ ሰፈሯን ሴት ልጅ ያስወሰዱትም እሳቸው ናቸው።

"ስመኘው" አሉ፣ "ከልጅነቱ ጀምሮ ከታንኳ ላይ ወድቆ የማያውቅ ሰው ነበር።"

አንጓች ሳታስበው ቀና አለች። ከዳሱ ማዶ ጓንጉል እያያት ነበር። ፊቱ ላይ የሐዘን ምልክት እንጂ ሌላ የለም። ቀኝ እጁን ግን ቀስ አድርጎ ከጉልበቱ ላይ አነሳ፤ ጃንጥላ እንደያዘ ሰው ራሱ ላይ ከፍ አደረገው።

ሳቁ አመለጣት። ልትይዘው ሞከረች፣ አልያዝ አላት፤ ከሆዷ ወጥቶ በሕዝቡ ዝምታ መካከል ጮኸ። አያ መንበሩ አቋረጡ። ራሶች ሁሉ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት አንጓች ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተሰማት፤ ፍርሃት። ልጇን ሲወስዱባት ታያት፤ ማንጠግቦሽ ማዶ ሆና ሌላ ሴት "እማዬ" ስትል ሰማች።

ያኔ ትርንጎ ነጠላዋን ከአንጓች ፊት ላይ ጣል አደረገችና ራሷ ከት ብላ ሳቀች። መሳቅ ስለማታውቅበት አስቀያሚ ሳቅ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች ተነስታ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አመለጠኝ።"

አያ መንበሩ ፊታቸው ጠቆረ። በሐዘን ዳስ ስር የሳቀች ሴት እስከ ሙት ዓመቱ ሰው ቤት እንዳትገባ፣ ሰውም ቤቷ እንዳይገባ፣ ወደብ ላይም ማንም ሰላም እንዳይላት ፈረዱ። ትርንጎ ልጇን አዝላ ወጣች። አንጓች ነጠላው ስር ሆና ሰማች። እውነቱን ልትናገር አፏን ብትከፍት ልጇን ታጣለች። አልተናገረችም።

ትርንጎ ስትቀር ማንጠግቦሽን የሚያጠባ ጠፋ። አንጓች የመጣላትን አጥሚት ያዘችና ጠጣች፤ ሌላ አለኝ የምትለው አልነበራትም። ልጇን ከደረቷ አስጠጋች። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፣ ልጅቷም ተንጨረጨረች። ደጋግማ ሞከረች። ውሎ አድሮ ወተቷ ተመለሰ፤ ያኔ አንጓች ስመኘው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ዳነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ከሰውነቷ ጋር ሌላም ነገር ነቃባት። በየጠዋቱ ትርንጎ ብቻዋን ውሃ ስትቀዳ፣ ሴቶቹ ጀርባ ሲሰጧት በበሩ ስንጥቅ ታያለች። በኔ ሳቅ እሷ ተቀጣች ትላለች። ባሌ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሳቅኩ ትላለች። ጓንጉል መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን ቀረቀረችበት። አጥሚቱንም መተው ጀመረች። የሚበላት ጸጸት እንደገና ወደ ግድግዳዋ መለሳት።

ሦስተኛዋ ወይዘሮ ላቀች ናቸው፤ የስመኘው እናት፣ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ያሰሩት። ከአርባው ወዲህ ወደ አንጓች ቤት ድርሽ ብለው አያውቁም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ገቡ፣ በሩን ከኋላቸው ዘጉት፣ ተቀመጡ። አንጓች ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች።

"የሳቅሽው አንቺ ነሽ" አሉ።

አንጓች ወደተዘጋው በር አየች።

"ጎንሽ ነበርኩ። የልጄን ሚስት ሳቅ አጣዋለሁ እንዴ?"

"ልጄን አይውሰዱብኝ፣ እማማ።"

"ምን አሳቀሽ?"

አንጓች መሬት መሬቱን እያየች ስለ ጃንጥላው፣ ስለ ፉከራው፣ "ውሃው ሞቅ ያለ ነው" ስላለው ነገር እያቆራረጠች ተናገረች። ወይዘሮ ላቀች ፊታቸው አልተፈታም።

"ይህችማ ምን አላት" አሉ። "በአያቱ ተዝካር ላይ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ገና አፉን የፈታ ልጅ ነበር። ባዶ ጋን ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ተዘቅዝቆ ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ጎትተን ስናወጣው 'አያትህ ጉድጓድ ገባ ብላችሁኛል፤ ልፈልገው ብዬ ነው' አለን።"

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነላቸውም። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው ወረደ፣ ሳቁም አብሮ መጣ። አንጓች አየቻቸው፤ እሷም ፈነዳች። ማንጠግቦሽ ሁለቱን እያፈራረቀች ታይ ነበር። ሳቁ ሲያይል ወይዘሮ ላቀች ተነስተው የዘጉትን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

አያ መንበሩ ሽማግሌ ይዘው ደረሱ። ወይዘሮ ላቀች ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"አንጓች አርባው ላይ ስቃለች፤ ዛሬም ስቃለች። እኔም እናቱ ስቄያለሁ" አሏቸው። "አንተ መንበሩ፣ በአባትህ ተዝካር ልጄን ከጋን ውስጥ በእግሩ ጎትቶ ያወጣው ማን ነበር? ከዚያ በኋላስ ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ የተንከባለለው ማን ነበር? አባትህን አልወደድከውም ማለት ነው?"

ወይዘሮ ላቀች መልሱን አልጠበቁም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው፣ ትርንጎ ቤት ገብተው ውሃ ለምነው ጠጡ። ፍርዱ በዚያው ፈረሰ፣ የሳቅ ደንቡም አብሮ ፈረሰ። አንጓችም ከዚያን ቀን ጀምራ አንድ ቀን እያለቀሰች፣ አንድ ቀን እየሳቀች፣ ወደ ሰው ተመለሰች።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። አንጓች ከሉን እንደለበሰች ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ማንጠግቦሽን አቅፋ ቆመች። ከኋላዋ ሦስቱ ተሰለፉ። ሕዝቡ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ተከፍሎ ነበር።

"ጓንጉል ባይኖር ሬሳ ነበረች" አሉ አንዳንዶቹ። ሌሎቹ "በሰው ልጅ ቁማር ተጫወተ፤ እጁን ያነሳው እኮ አያ መንበሩ ፊት ነው" አሉ። ጓንጉል "አውቄ ነው ያነሳሁት" አለ። "ብትስቅ ልጇ ትወሰዳለች፤ ባትስቅ ሁለቱም ያልቃሉ። የቱን ልምረጥ?"

"መከራውን የተሸከመችው ትርንጎ ናት" ተባለ። "በሷ መቀጣት አይደል አንጓች ዳግም የታመመችው? ባትቀጣላት ኖሮ ጸጸቱም ባልኖረ" የሚልም አልጠፋ። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። "እኔ ቀልዱ እስካሁን አልገባኝም" አለች። "ሳቋ ሲመጣ ግን አጠገቧ ነበርኩ።"

"እናት ሆነው ልጃቸው ሞቶባቸው የሳቁላት ወይዘሮ ላቀች ናቸው፤ ያለሳቸው ፈቃድ አንጓች ከዚያ ግድግዳ አትነሳም ነበር" ያሉም ነበሩ። "ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ትርንጎ ስትገለል ለምን ዝም አሉ? በአንድ ቃል ያስቀሩት የነበረውን?" ተብሎ ተመለሰላቸው። ወይዘሮ ላቀች አልካዱም። "ልጄ ሞቶ ሰው ሲስቅ መስማት አልቻልኩም ነበር" አሉ። "እስክችል ድረስ ቆየሁ።"

አንጓች ሁሉንም ሰማች። በዓይኗ አታያቸውም፤ ሦስቱንም በአተነፋፈሳቸው ትለያቸዋለች። አንደኛው ሳቅዋን ቀሰቀሰላት፣ ሁለተኛዋ የሳቅዋን ዕዳ ከፈለችላት፣ ሦስተኛዋ ሳቅዋን የራሷ አደረጉላት። አንዱን ስትጠራ ሁለቱ ዞረው ወደ ሕዝቡ እንደሚገቡ፣ ነገ ልጇ ስትዳር ከእንግዶች ጋር እንደሚቀመጡ ታውቃለች። ቋጠሮው ወገቧ ላይ ከበዳት።

"በይ ልጄ፣ የማን እጅ ይፍታሽ?" አሉ አያ መንበሩ።

አንጓች ማንጠግቦሽን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ አንድ ስም ጠራች። በዚያው ቅጽበት ግን ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ሦስቱን አየችና፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ፣ በሳቅ ፈነዳች፤ ስሙም በሳቁ ተዋጠና ማንም ሳይሰማው ቀረ። አያ መንበሩ "ማን አልሽ?" ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

እናንተ ዳሱ ስር ብትሆኑ ኖሮ ማንን ወደፊት ትገፉ ነበር? ቋጠሮው የሚገባው ለማን ነው?