ሸራ የለበሰው ሶላር

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ከዋሸሁ ነገ ጠዋት አልነሣ።

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል፤ የሚኖረው በአንዲት ቆላ ከተማ ነው። ሀብቱን ልንገራችሁ፦ የበርበሬው ጆንያ ክምር ከመጋዘኑ ጣሪያ አልፎ ስለ ወጣ፣ ጨረቃ በዚያ በኩል ስታልፍ ታስነጥሳለች። ንፍገቱንም ልንገራችሁ፦ ጥላው ሥር ሰው እንዳያርፍ ብሎ ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብቻ ነበር።

ይህ ሰው የሚሳሳላት አንዲት ነፍስ አለች፤ እናቱ እማማ የሹሜ። ስኳር ሕመም አለባቸው፤ በየቀኑ የሚወጉት መድኃኒት ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። የከተማዋ መብራት ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ይልና ሳይቀመጥ ይሄዳል። ስለዚህ ጓንጉል ለፍሪጁ ሶላር ሊያስተክል ቆረጠ፤ ባለሙያም አስመጣ። እስከዚህ ድረስ አመስግኑት። ከዚህ በኋላ ግን እኔ አላመሰግነውም።

ባለሙያው ጣሪያውን ዞሮ አየና "በመንገዱ በኩል ነው የሚተከለው፤ እዚያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አትለየውም" አለ።

"መንገደኛ ያየዋላ" አለ ጓንጉል።

"ቢያየውስ ጋሼ?"

"ቢያየውማ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብሎ ይመጣል። ዛሬ ስልክ፣ ነገ ቴሌቪዥን፣ ከነገ ወዲያ ልጁን በእኔ መብራት ይድራል። ከኋላ ትከለው፤ በመጋዘኑና በግንቡ መሀል።"

"እዚያ እኮ ፀሐይ የምትገባው ቀትር ላይ ነው፤ እሱም ሰላም ብላ ለመሄድ።"

"ሰላምታዋ ይበቃኛል።"

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቢራራ በአጥሩ ቀዳዳ ይህን ሰማ። "ጋሽ ጓንጉል፣ ፀሐይቱንስ ስትገባ ማን አየሽ ብለው ሊጠይቋት ነው?" አለው። ጓንጉል ቀዳዳውን አስደፈነና ግንቡ ላይ ቆርቆሮ አስደረበ። ቆርቆሮው ከመርዘሙ የተነሣ አሞራዎች ለመሻገር መሀል ላይ ያርፉ ነበር።

ይህም አልበቃው። ደንበኛ ወደ ግቢው በገባ ቁጥር፣ በርበሬ የሚያሰጣበትን ሰማያዊ ሸራ የሶላሩ ፓነል ላይ ይጥልበታል። የበርበሬ ነጋዴ ቤት ደግሞ ደንበኛ የሚጠፋበት ሰዓት የለም፤ ሸራው እንደ ተጣለ ይውላል። ፀሐይን ያህል ነገር፣ ያውም የቆላ ፀሐይ፣ በራፉ ላይ ቆማ ስታንኳኳ ሸራ ይጥልባታል።

ፍሪጁ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ አቃሰተ፤ በኋላ ዝም አለ። እማማ የሹሜ አንድ ቀን ከምሳ በፊት ፍሪጁን ከፍተው የመድኃኒቷን ጠርሙስ ዳበሷት። እንደ ጉንጫቸው ሞቃለች። ለካ ሰሞኑን ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ ውኃ ውኃ የሚያሰኛቸው ያለ ነገር አልነበረም፤ የሚወጉት የተበላሸ መድኃኒት ኖሯል።

ልጃቸውን ጠሩት።

"ጓንጉል፣ መድኃኒቴ ሞቋል።"

"ደመና ሆኖ ነው እማዬ።"

እሳቸው በመስኮት ወደ ሰማይ አዩ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል።

"ደመናው አንተ ነህ" አሉት።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሸራውን ጎትተው መሬት ላይ ጣሉት፤ የግቢውንም በር ወለል አድርገው ከፈቱት። "ቢራራ፣ መሰላልህን አምጣ። እናንተም ጎረቤቶች ኑ፤ ልጄ የደበቀባችሁን ኑና እዩ።"

ጓንጉል ከኋላቸው ሮጠ። "እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?"

"እኔን ስትቀብር የሚልህን ይልሃል። ወይ ይህ ነገር አሁን በመንገዱ በኩል ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ወይ እኔ በዚህ በር እወጣለሁ። ከወጣሁ ደግሞ ለቀብሬም እንዳትመጣ።"

ጎረቤት መጣ። ጓንጉልን ሰላም ያለ የለም። ቢራራ እማማ የሹሜን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሶ፣ ታክመው ሲያበቁ ከአዲስ መድኃኒት ጋር መለሳቸው። የቀሩት ፓነሉን ተሸክመው ጣሪያ ላይ አወጡት፤ ባለሙያውም ተጠርቶ ገመዱን ቀጠለ። ያን ጊዜ ፍሪጁ ተነሣ፤ ከማቀዝቀዙ ብዛት የግቢው ዶሮዎች ጋቢ ለበሱ።

ጓንጉል ግን ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የሚመጣውን ሊመልስ ዱላ ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ሰው ያልፋል፣ ቀና ብሎ ፓነሉን ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ አላነሣውም። በመጨረሻ ራሱ ወደ ቢራራ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋ ብሎ፣ "ስልክህን አምጣና ሰካው እንጂ፤ መብራቱ እንደሆን ተርፎናል" አለው።

ቢራራ ከሚሰፋው ሱሪ ቀና አላለም።

"ስልኬ ሙሉ ነው ጋሽ ጓንጉል።"

ስልኩ ግን ባትሪው አልቆ ከትናንት ጀምሮ እንደ ጠፋ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከሰው ዓይን የሸሸገው ከፀሐይም ተሸሸገበት። ለጎረቤት እንዳይተርፍ ብሎ ያጠረው ለገዛ እናቱም ሳይደርስ ሊቀር ነበር። ሲዘጋው የኖረውንም በር ሲከፍተው የሚገባበት ሰው አጣ። እኔን የሚያበግነኝ ጓንጉል ብቻ አይደለም፤ ይህን አንብቦ "ወይ ጓንጉል" እያለ የራሱን ሸራ የሚያስተካክለው ነው። እስቲ ተጠየቁ፤ በእናንተ ቤት ሸራ የተጣለበት ምንድን ነው? ከሥሩስ የማን መድኃኒት እየሞቀ ነው?

ነገ ጠዋት መነሣት ስለምፈልግ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ሸራው ሰማያዊ ነው ያልሁት ፈጠራ ነው፤ አረንጓዴ ነበር። ጨረቃዋ ግን ታስነጥስ ነበር።