የክት ጫማ

«ጫማ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ፣ የተጠየቁትን ሰምተው ገና ሳይተነፍሱ።

የጠየቃቸው፣ ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዛሬ ከተማ ገብቶ ነጋዴ የሆነ ጎልማሳ ነው። ለሥራ ወደ አገሩ ብቅ ብሎ ሊመለስ ሲል ሊሰናበታቸው ገባ። እናቱ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች። «የኔታ፣ ከተማ ውስጥ ቤት እየሠራሁላት ነው» አላቸው። «ሲያልቅ ደግሼ፣ ዘመድ ጠርቼ፣ በክብር እወስዳታለሁ። እስከዚያው የሚያስፈልጋትን በሰው እልክላታለሁ። ዛሬ በመንገዴ ብቅ ብዬ ከማስለቅሳት፣ ለዚያ ቀን ባቆየው አይሻልም? በልቤ እንደሆነ ከእሷ የሚበልጥብኝ የለም።» መሪጌታ ታሪኩን የነገሩት ለዚህ ነው፤ እንዲህ ሲሉ።

ሰውዬው ጫማውን ያገኘው ከአባቱ ነው። አባቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጥቁር ጫማ፣ ላዩም ሶሉም ቆዳ፣ በእጅ የተሰፋ። በጎልማሳነታቸው አሰፍተውት እስኪሞቱ ድረስ አደረጉት። እኒያ ሰው ደግሞ ጫማ መያዝ ያውቁ ነበር። ከሥራ ሲገቡ አቧራውን በረጠበ ጨርቅ ያብሳሉ። ዝናብ ከመታው ጋዜጣ ጎስጉሰውበት፣ ከምድጃ አርቀው በጥላ ያደርቁታል፤ እሳት ቆዳን ይሰነጥቃላ። ክረምት ሲቃረብ ሞራ አቅልጠው በጣታቸው ያሹታል፤ ላዩን ብቻ ሳይሆን ሶሉንም የስፌቱን መስመርም። ክሩ ሲላላ ወደ ጫማ ሰፊ ይወስዱታል። በማግሥቱ አድርገውት ይወጣሉ። ጫማው ከእግራቸው ጋር አብሮ አረጀ፤ ቢያረጅም አንድ ቀን አልከዳቸውም።

አባት ሞቱ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸውና ጫማው ለታላቁ ደረሰ። ታላቁ አባቱን ይወድ ነበር፤ በዚህ አልነቅፈውም። ጫማውን አቅፎ አለቀሰበት። «ይሄማ የአዘቦት አይደለም፣ ክት ነው» አለና በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ለፋሲካ ለፋሲካ ያወጣዋል። ጥቁር ቀለም ይደርብበታል፣ መልክ እስኪያሳይ ይወለውለዋል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል፣ መልሶ ይቆልፈዋል። ይሸታል ብሎ ሞራ አያስነካውም። አንድ ቀን እንኳ ገልብጦ ሥሩን አላየም።

ታናሽ ወንድሙ ድሀ ገበሬ ነበር። ሴት ልጁን ሊድር ሲል ወደ ታላቁ መጣ። «ጋሼ፣ የአባባን ጫማ ለአንድ ቀን አውሰኝ። አባባ ባሉበት የዳርኳት ያህል ይሆንልኛል» አለው።

ታላቁ የወንድሙን እግር አየ። እርሻ ያሰፋው እግር ነው። «ታሰፋብኛለህ» አለው።

ታናሹ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ተነሥቶ ወጣ፤ ልጁንም በላስቲክ ጫማ ቆሞ ዳረ። ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም።

ታላቁን ክፉ ሰው እንዳትለው። ነገሩ ከነከነው፣ እንቅልፍም ነሳው። «ለፋሲካ እጠራዋለሁ፤ በግ አርዳለሁ፣ ሰው እሰበስባለሁ፣ ጫማውን በሰው ፊት እኔው ራሴ አጠልቅለታለሁ» ይል ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። አንዱን ዓመት ሚስቱ ታመመች፣ አንዱን ዓመት ሐዘን ላይ ነበሩ፣ አንዱን ዓመት እንዲሁ ሰነፈ። በመካከሉ ሁለቱ ወንድማማቾች ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ታላቁ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጥና ያልፋል። እዚያው፣ በጌሾና በጨው መሐል፣ «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» ቢለው ምን ነበረበት? ይህን ግን ለገበያ ቀን አልፈለገውም፤ ለድግሱ አቆየው።

ክረምት ላይ ታናሹ ሞተ። ብርድ መትቶት፣ ተኝቶ ሳይሰነብት ነው የሄደው። መርዶው ሲደርሰው ታላቁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሳጥኑን መክፈት ነበር። ትልቁ ቀን መጣለት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ጫማው ያበራል። አጠለቀውና ወደ ልቅሶው ሄደ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች «የአባታቸው ጫማ እኮ ነው» ተባባሉ። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ሰው እየገፋ ከፊት ገባ። «ወንድሜን የምሸከመው እኔ ነኝ» አለ። ማን ይከለክለዋል? የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ ስለዋለበት ጭቃ ሆኗል። የጫማው ቀለም ያበራል እንጂ የስፌቱ ክር ፌስታሉ ውስጥ ታፍኖ በስብሷል፣ ሶሉም ሞራ ካጣ ቆይቶ እንደ ገል ደርቋል። የአንድ ሰው ክብደት እንደምንም ችሎ ነበር። የሬሳው ሲጨመርበት አልቻለም። ቁልቁለቱ መሐል ላይ የቀኙ ሶል ከነተረከዙ ተገንጥሎ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ቃሬዛው ተዘነበለ። ሌሎቹ ሊይዙት ታገሉ፣ አልሆነላቸውም። የወንድሙ ሬሳ ከነሰሌኑ ተንሸራቶ ጭቃ ላይ ተጋደመ።

አልቃሾቹ ዝም አሉ። ልጄ፣ ለቀስተኛ ዝም ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እግዚአብሔር አያሰማህ። የሟች ሚስት ተንበርክካ ጭቃውን ከሰሌኑ ላይ በነጠላዋ ጠረገች። ቀና ብላ ታላቁን አላየችውም።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ይሸከመው» አለች።

ሌላ ሰው ተሸከመው። ታላቁ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ። ቆይቶ ተነሥቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል።

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«ያ ሰው አባቱንም ወንድሙንም ይወድ ነበር። ፍቅሩ ሐሰት ነው አላልኩህም፤ ቆልፎ አደረቀው ነው የምልህ። ቆዳ ሳጥን ውስጥ አይጠበቅም። እየተራመዱበት፣ እየጠረጉት፣ ሞራ እያስነኩት ነው የሚኖረው። አንተም የእናትህን ፍቅር ክት አድርገኸዋል። ዕቃ በሰው ስትልክ ላዩን ቀለም ትቀባዋለህ፤ ጎረቤቶቿ ሲያዩት ያበራል፣ አንተም ራስህ ስታየው ያበራል። የሚበሰብሰው ግን ከሥር ነው፤ ከባድ ነገር እስኪጫንበት ድረስም አይታወቅም። አንተ ቤቱ የሚያልቅበትን ቀን ትጠብቃለህ። እኔ የምፈራልህ ሌላውን ቀን ነው። ያን ቀን ከሰው ሁሉ ቀድመህ ልትሸከማት ትመጣለህ፤ ልጇ ነህና ማንም አይከለክልህም። በምንህ ልትቆም ነው?»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። «ዛሬ እንኳ ልሂድ ብል የያዝኩላት ነገር የለም፣ የኔታ። ባዶ እጄን ነኝ» አለ።

መሪጌታ ተቆጡ።

«ስትወልድህስ ምን ይዘህላት መጣህ?» አሉት።