ጨዋታ ተረካቢው

አንዳርጌ ሁለት ልጆች ያሏትን ሴት አገባ። አባታቸው ሙሉዓለም ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጆቹን ማብላትና ማልበስ አልከበደውም። የከበደው ሌላ ነበር፤ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ጡረታ ከወጡት የስፖርት አስተማሪ ከጋሽ ደምሰው ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ ትልቋ ልጅ ትናንት ትምህርት ቤት ተሸለመች። የተጠራችው የሙሉዓለም ልጅ ተብላ ነው። አባቷ ነውና ልክ ነው። ትንሹ ሲያጠፋም ሰፈሩ ያው የሙሉዓለም ልጅ ነው የሚለው። ቢያምርባቸውም ቢበላሹም የእሱ ናቸው። ታዲያ እኔ የምለፋው ለምንድን ነው?»

ጋሽ ደምሰው እንዲህ ብለው ነገሩት።

ኳስ በመወርወር የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ያለበት አገር። አንዱ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሮጦ ሜዳውን ዞሮ ከተነሣበት ከደረሰ ለቡድኑ ነጥብ ይቆጠራል። ወርዋሪው የሚደክመው እንዳይደርስ ነው።

ይህ ሰው ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። ጨዋታውን የጀመረው፣ ጀማሪ የሚባለው ወርዋሪ ሲደክም ወይም ነገር ሲበላሽበት፣ ተረካቢ ሆኖ እሱ ይጠራል። ሲገባ ብዙ ጊዜ የተቃራኒው ቡድን ሯጮች ከመንገዳቸው እኩሌታ ደርሰው ይጠብቁታል። እዚያ ያደረሳቸው እሱ አይደለም። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ እነዚያ ሯጮች ነጥብ ቢያስቆጥሩ ጥፋቱ የሚጻፈው በወጣው ሰው ስም ነው።

ሰውየው በወጣትነቱ በዚህ ሕግ ተማመነ። ሌላው የተወለት ሯጭ ቢያመልጠው እንቅልፍ አይነሣውም። የራሱ ስም ንጹሕ ነበር፤ ጋዜጣም ያመሰግነዋል።

አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን አንድ ጀማሪ ወርዋሪ ዕቃውን ከረጢት ውስጥ ሲከት አገኘው። ቡድኑ አሰናብቶታል።

«ለምን አሰናበቱህ?» አለው።

«ብዙ ነጥብ ተቆጠረብኝ።»

ተረካቢው የዚያን ዓመት ጨዋታዎች አንድ በአንድ አሰበ። ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ያመለጡት ከእሱ እጅ ነበር።

«እኔ እኮ ነኝ ያሳለፍኳቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«ትቼብህ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን ታደርግ» አለው ትልቁ ሰው። ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ከረጢቱን አንግቦ ሄደ።

ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ተረካቢው ባዶው ቁም ሣጥን ፊት ለብዙ ጊዜ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ወረወረ። ክንዱ ሲያብጥ በበረዶ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይገባል። ሌላው የተወለትን ሯጭ፣ በራሱ ስም ከሚጻፈው አብልጦ እንዳያልፍ ይጠብቅ ጀመር። ሁልጊዜ አልተሳካለትም። ባመለጡት ቀን ስሙ ከተበላሸበት ሰው አጠገብ ሄዶ ይቀመጣል።

ሌላ ተረካቢ ሲገባ፣ ተክተውት የወጡት ጀማሪዎች የሜዳውን ዳር አጥር ይዘው በጭንቀት ያዩ ነበር። እሱ የገባ ቀን ግን ቁጭ ብለው ጫማቸውን ይፈታሉ። በመጨረሻ ክንዱ እምቢ ብሎት ሲተው ዋንጫ የሰጠው የለም። እሱም አልጠበቀም።

ጋሽ ደምሰው ይህን ተናግረው ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ሙሉዓለም ወዶ አልወጣም። ከመሃል ላይ ተወስዶ፣ የጀመረው በእጅህ ቀረ። ችላ ብትል ማንም አይወቅስህም፤ የሚበላሸው የእሱ ስም ነው። ራሱ መጥቶ ሊጠብቀው ደግሞ አይችልም። ለምን እንደምትለፋ ጠየቅኸኝ፤ ለዚህ ነው። የሞተ ሰው ያያል አያይም፣ እኔ አላውቅም። የሚያይ ከሆነ ግን አጥር ይዞ አይቁም። ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፍታ።»